ወደ ውስጥ ያልዞረው እግር፦ ስብራት የደበቀ የዳሌ ራጅ
የጉዳይ ጥናት፣ ሰሜን ሸዋ

ታኅሣሥ 21 ቀን፣ የማርያም ዕለት ማለዳ፣ ከመንዝ መንደሮች በአንዱ የሚኖሩ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ እናት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ውርጭ ያረፈበት ድንጋይ አንሸራተታቸውና በግራ ጎናቸው ወደቁ። ሰው ደግፎ አነሣቸው። እያነከሱም ቢሆን ምርኩዝ ይዘው ቤታቸው ገቡ። በሦስተኛው ቀን ልጃቸው በሞላሌና በመዘዞ አድርጎ ጣርማ በር በሚወጣው መንገድ ይዟቸው መጣና በዞኑ ካሉት ሆስፒታሎች ወደ አንዱ አደረሳቸው። የዳሌ ራጅ ተነሡ፤ «ስብራት የለም» ተባሉ፤ የሕመም ማስታገሻ ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ጥር 4 ቀን እንደገና ሲመጡ በቃሬዛ ነበር። የግራ እግራቸው ከቀኙ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አጥሯል፤ ጉልበታቸውና የእግር ጣቶቻቸው ወደ ውጭ ዞረዋል። አዲሱ ራጅ የግራ ጭን አጥንታቸው አንገት፣ ማለትም ክቡን የአጥንቱን ራስ ከግንዱ የሚያገናኘው ክፍል፣ ሙሉ በሙሉ ተሰብሮ ከቦታው መልቀቁን አሳየ። ስብራቱ አዲስ ነው ወይስ ድሮም ነበር? ይህን ለመመለስ የታኅሣሡ ፊልም ከመዝገብ ወጥቶ ከአዲሱ ጎን ተሰቀለ።

ማሽኑ ደህና ነበር። የመጀመሪያው ፊልም አልጠቆረም፣ አልነጣም፣ ሰውየው ሲነቃነቅ እንደሚሆነውም አልደበዘዘም። ጉዳቱ ከዚሁ የመጣ ነው። ደብዛዛ ፊልም ያየ ሐኪም ይጠራጠራል፤ «ይደገም» ይላል። በተሳሳተ አቀማመጥ የተነሣ ጥርት ያለ ፊልም ግን አያጠራጥርም። ያላሳየውን ነገር እንደሌለ አድርጎ ያሳምናል።

በሁለቱ ፊልሞች መካከል

ከመጀመሪያው ራጅ በኋላ ታካሚዋ ቤታቸው ውስጥ በምርኩዝ ይንቀሳቀሱ ነበር። ሕመሙ ብሽሽታቸው ላይ ነው፤ ሲቀመጡ ይቀላቸዋል፣ ሲቆሙ ይብስባቸዋል። «አልተሰበረም» ስለተባሉ ግን እግራቸውን አላሳረፉም። የገና ሰሞን ምጣድ ፊት ዋሉ፤ ከበርጩማ ቁጭ ብድግ አሉ። ሕመሙ አልተው ሲል ጥር 2 ቀን ወጌሻ ተጠሩ። ወጌሻው መጀመሪያ የጠየቁት «ራጁ ምን አለ?» ብለው ነው። ስብራት እንደሌለ ሲነገራቸው ወለምታ ነው ብለው ቅቤ ቀብተው አሹ፣ እግሩን ሳቡ። በማግስቱ ታካሚዋ ከመደብ ሲወርዱ እግራቸው ከዳቸው፤ ከዚያ ወዲያ መቆም አልቻሉም።

ወጌሻውን መውቀስ ይቀላል፤ ፍርዱ ግን ልክ አይሆንም። ሊጠየቅ የሚገባውን ጠይቀዋል። የተሰጣቸው መልስ ነው የተሳሳተው።

መጀመሪያ የነበረው ስብራት አንዱ ስባሪ በሌላው ውስጥ ተሰክቶ የቆመበት ዓይነት ነው። ጋርደን የተባለው ብሪታንያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው ምደባ አንደኛው ደረጃ የሚባለው ይህ ነው። አጥንቱ እርስ በርሱ ተናክሶ ስለሚቆም ሰውየው ሊራመድ ይችላል፤ እግሩ አያጥርም፣ አይዞርም። ስለዚህ «በእግራቸው መጥተዋል» ማለት የአንገት ስብራት የለም ለማለት አያበቃም። ወደ ጭን አጥንት ራስ ደም የሚያደርሱት ዋነኞቹ ሥሮች አንገቱን ተጠግተው ነው የሚወጡት። ስባሪዎቹ ሲለያዩ ሥሮቹ ይበጠሳሉ፤ የአጥንቱ ራስ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ተሰክቶ የቆመ ስብራት ብዙ ጊዜ በሦስት ብሎን ተይዞ ይድናል። ከቦታው ሲለቅ ግን፣ በዚህ ዕድሜ፣ አብዛኛውን ጊዜ የአጥንቱን ራስ አውጥቶ በብረት መተካት ግድ ይሆናል። በታኅሣሥ 23 እና በጥር 4 መካከል የጠፋው ይህ ልዩነት ነው።

የመጀመሪያው ፊልም ሲመረመር

ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በግራው ትንሹ ትሮካንተር ላይ ነው። ይህ ከጭን አጥንት ውስጠኛ ጎን፣ ከአንገቱ በታች የሚወጣ ጉብታ ነው። እግር በትክክል ወደ ውስጥ ዞሮ ሲነሣ ይህ ጉብታ ከአጥንቱ ጀርባ ይደበቃል፤ ቢታይም ጫፉ ብቻ ነው። በዚህ ፊልም ላይ ግን እንደ አውራ ጣት ወጥቶ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ይህ ብቻውን እግሩ ወደ ውጭ እንደወደቀ ይናገራል። ቀጥሎ አንገቱ፦ ርዝመቱ ከሚጠበቀው እጅግ አንሷል፤ ከጭን አጥንት ውጫዊ ጎን የሚወጣው ትልቁ ትሮካንተርም ተደርቦበታል። የስብራቱ መስመር ሊታይ የሚችልበት ቦታ በሌላ አጥንት ጥላ ተሸፍኗል።

ከጭን አጥንቱ በላይም ችግር አለ። ዳሌው ቀጥ ብሎ አልተኛም። በዳሌ ራጅ ላይ ከታች በኩል ግራና ቀኝ የሚታዩት ሁለት ቀዳዳዎች እኩል መሆን አለባቸው። እዚህ የቀኙ ቀዳዳ ጠብቧል፣ የቀኙ የዳሌ ክንፍ ደግሞ ሰፍቷል፤ ይህ ማለት ሰውነታቸው ወደ ቀኝ ዞሯል፣ የግራው መቀመጫ ከጠረጴዛው ተነሥቷል ማለት ነው። ምክንያቱ ደግነት ነበር። ጠረጴዛው ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፤ ታካሚዋ ቀጭን ናቸው፤ የታመመው ጎናቸው ጠረጴዛውን ሲነካ ስለተሰቃዩ ልጃቸው ጋቢውን አጣጥፎ በግራ መቀመጫቸው ሥር አደረገላቸው። በዚያ ሰዓት በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ ስለነበረ ጋቢው እንዳለ ራጁ ተነሣ።

በቀኝ የዳሌ ክንፍ ላይ ደግሞ ሁለት ክብ ነጭ ጥላዎች አሉ፦ በመቀነታቸው ጫፍ የተቋጠሩ ሳንቲሞች ናቸው። እዚህ አልጎዱም። ስብራቱ በዚያ ቢሆን ኖሮ ግን ይሸፍኑት ነበር። በአገራችን መቀነት፣ በክር የታሠረ ክታብ፣ ነጠላ የተያዘበት መርፌ ቁልፍ፣ የአንገት መስቀል ሁሉ ራጅ ላይ ይወጣሉ። ለአንገትና ለደረት ራጅ ደግሞ ጥብቅ ሹሩባ ሳይቀር ሳንባው ጫፍ ላይ መስመር ያስቀራል። ታካሚን «ብረት አለዎት?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ መቀነት ውስጥ የተቋጠረ ሳንቲም በብዙ እናቶች ዘንድ ብረት አይባልም፣ ገንዘብ ነው። «መቀነትዎን ይፍቱት፣ እኔ እይዝልዎታለሁ» ማለት ይሻላል።

አሁን የተሰበረበትን የሚያውቅ ዓይን ፊልሙን ሲያየው፣ ከአጥንቱ ራስ ሥር የደበዘዘ ነጭ መስመር አለ፤ አጥንት በአጥንት ላይ ተጭኖ የሠራው ነው። ከተደረበው ጥላ የተነሣ ያኔ ሊለይ አይችልም ነበር ማለት ይቻላል። ያነበበውን ሐኪም በዚህ መክሰስ አግባብ አይደለም። ሊጠየቅ የሚችለው አንድ ነገር ነው፦ ትንሹ ትሮካንተር እንዲህ ወጥቶ ሲታይ «ይህ ፊልም ስለ አንገቱ ምንም አይናገርም» ብሎ አለመመለሱ።

ከዘራውን አዙሮ ማየት

የጭን አጥንት አንገት ከግንዱ ጋር በአንድ ሜዳ ላይ አይውልም፤ ወደ ፊት በ15 ዲግሪ አካባቢ ያዘነብላል። ሰው በጀርባው ተኝቶ እግሩን ሲለቀው ጣቶቹ በተፈጥሮ ወደ ውጭ ይወድቃሉ፤ አንገቱም ከዚያው ጋር ዞሮ ጨረሩን ወደሚያወጣው የራጅ ቱዩብ አፍጥጦ ይቆማል። ይህን ለመረዳት ቆልማማ ከዘራ ይበቃል። ከጎኑ ካዩት ቁልምሙ ሙሉ በሙሉ ይታያል። እጀታውን ወደ ፊትዎ አዙረው ካዩት ግን ቀጥ ያለ በትር ነው። ቁልምሙ አልጠፋም፤ እርስዎ የቆሙበት ቦታ ነው የደበቀው። እግርን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ውስጥ ማዞር ከዘራውን ወደ ጎን እንደማዞር ነው፤ አንገቱ ፊልሙን ከያዘው ካሴት ጋር ትይዩ ሆኖ በሙሉ ርዝመቱ ይዘረጋል።

ስሕተት የሚበዛበት ግን ማዞሩ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዞረው ጫማው ብቻ ነው። ቁርጭምጭሚት ብቻውን ስለሚታጠፍ እግሩ ወደ ውስጥ የዞረ ይመስላል፣ ጭኑ ግን ባለበት ነው። መታየት ያለበት ጉልበት ነው፦ የጉልበት ሎሚ ጣሪያውን ካየ ገና ነው፤ በትንሹ ወደ ሌላኛው እግር ማዘንበል አለበት። ለታካሚ ዲግሪ መንገር አይረዳም። «እማማ፣ የሁለቱን እግር አውራ ጣት ያገናኙልኝ፤ ተረከዝዎን ያራርቁልኝ» ሲባሉ ግን ይገባቸዋል። አውራ ጣቶቹ ተነካክተው በተረከዞቹ መካከል ከ20 እስከ 24 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ስንዝር ያህል፣ ሲቀር ማዞሩ ልክ ነው። ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የአሸዋ ከረጢት ይደረጋል፤ አለዚያ ታካሚው ሲደክመው እግሩ ተመልሶ ይወድቃል፣ ጨረሩም በዚያ ቅጽበት ይለቀቃል። የአሸዋ ከረጢት በሌለበት በሁለቱ አውራ ጣቶች ዙሪያ ሰፋ ያለ ፋሻ ማሰር ይቻላል። አሸዋ ራጅ ላይ ስለሚታይ ከሚነሣው ክልል ውጭ መሆን አለበት። ስፖንጅ ግን አይታይም ማለት ይቻላል፤ በፕላስቲክ የተጠቀለለ የፍራሽ ስፖንጅ ቁራጭ ርካሽና ጥሩ መደገፊያ ነው።

ለብርዱም መልስ አለው። ደጋ አገር ነው፤ ቀዝቃዛ ጠረጴዛ ላይ ያለ አረጋዊ ይንቀጠቀጣል፣ የተንቀጠቀጠ ፊልም ይደበዝዛል። ጋቢ መከልከል ስሕተት ነው። ጋቢው ከትከሻ እስከ ተረከዝ፣ ግራና ቀኝ እኩል፣ ያለ እጥፋት መነጠፍ አለበት። ሕመሙ አንዱን ጎን የሚያስነሣ ከሆነ ሁለቱም መቀመጫ ሥር እኩል ውፍረት ያለው ስፖንጅ ይገባል። ከዚያ ሁለቱ የዳሌ ፊት ጫፍ አጥንቶች በጣት ይዳሰሳሉ፤ ከእያንዳንዳቸው እስከ ጠረጴዛው ያለው ርቀት እኩል ካልሆነ ዳሌው ዞሯል።

የቀረው የተለመደው ነው፦ 35 በ43 ሴንቲ ሜትር ካሴት በወርዱ፣ የላይኛው ጠርዙ ከዳሌው ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፤ ጨረሩ ቀጥ ብሎ መሐል ለመሐል፣ ከዳሌ ፊት ጫፍ አጥንቶች መስመር 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፤ ርቀቱ 100 ሴንቲ ሜትር፤ ግሪድ (የተበተነ ጨረር የሚያስቀር የእርሳስ መስመሮች ያሉት ሰሌዳ) ግዴታ ነው፤ የጨረሩ ጉልበት ከ70 እስከ 80 ኬቪፒ (ኪሎ ቮልት)። የጎን ምልክቱ ጨረሩ ሳይለቀቅ ካሴቱ ላይ ይቀመጥ፤ በኋላ በኮምፒውተር የሚጻፍ «ግራ» የሚታመነው የጻፈው ሰው ባስታወሰው መጠን ነው።

ማን ይዞራል፣ ማን አይነካም

እስካሁን የተባለው ሁሉ አንድ ከባድ ቅድመ ሁኔታ አለው። እግሩን ማዞር አደጋ የሚሆንበት ሰው አለ። ታካሚዋ ጥር 4 ቀን ሲመጡ እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ዞሮ ነበር፤ እንዲህ ያለው እግር ፈጽሞ አይዞርም፣ አይሳብም። እንዳለ ይነሣል። ስብራቱ አቀማመጥ ቢበላሽም ይታያል፤ ማዞሩ ግን የቀሩትን የደም ሥሮች ሊበጥስ ይችላል።

አስቸጋሪው የታኅሣሥ 23ቱ ዓይነት ነው፦ እግሮቹ እኩል ናቸው፣ ታካሚው በእግሩ መጥቷል፣ ብሽሽቱን ያመዋል። እዚህ የሚሠራው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶ እስኪሠራ ይጠበቃል። የመጀመሪያው የዳሌ ፊልም እግሩ እንዳረፈ ይነሣና ታካሚው ከጠረጴዛው ሳይወርድ ይታያል። ስብራት ከታየ ማዞር የለም። ካልታየ ታካሚው ራሱ፣ በራሱ ጡንቻ፣ አውራ ጣቶቹን ቀስ ብሎ እንዲያገናኝ ይጠየቃል። ሰው ራሱ ሲያዞር ሕመሙ ያቆመዋል፤ ሌላ ሰው ሲያዞረው ግን የሚያቆም የለም። በዚህ ሁኔታ የታመመው ዳሌ ብቻውን እንደገና ይነሣል። ማዞር ካልቻለ ደግሞ «በሕመም ምክንያት ወደ ውስጥ አልዞረም፤ አንገቱ አልታየም» ተብሎ በወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ይህች አንድ መስመር በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ብትኖር ኖሮ «ስብራት የለም» የሚል ቃል ባልወጣ ነበር።

ቱዩቡ ወደ ታካሚው ሲሄድ

ሁለተኛው ትልቅ ጉድለት የጎን ምስል አለመነሣቱ ነው። ከፊት ብቻ የታየ አጥንት ወደ ኋላ ያዘነበለ ስብራትን ሊሰውር ይችላል። የጎን ምስል ሲባል አንዳንዱ ጉልበትን አጥፎ ጭንን ወደ ውጭ መክፈትን ያስባል። ስብራት በተጠረጠረበት ዳሌ ላይ ይህ ክልክል ነው፤ ተሰክቶ የቆመውን የሚያላቅቅ እንቅስቃሴ ነው።

ትክክለኛው መንገድ የታመመውን እግር ሳይነኩ ጨረሩን አግድም መላክ ነው። ጥር 4 ቀን የተሠራው ይኸው ነው። ታካሚዋ በጀርባቸው እንደተኙ ጤነኛው የቀኝ እግር ከዳሌና ከጉልበት ታጥፎ ከፍ ይላል፤ እግሩ በርጩማ ላይ በተደራረበ ስፖንጅ ያርፋል። ኮሊሜተሩ (ከቱዩቡ ፊት ያለው፣ ጨረሩን የሚገድበው ባለ መብራት ሣጥን) ላይ እግር ማሳረፍ የሚቀናቸው አሉ፤ የመብራቱ ሙቀት ቆዳ ያቃጥላል፣ ቱዩቡም ይነቃነቃል። ካሴቱ በታመመው ጎን በኩል በጠርዙ ይቆማል፦ የላይኛው ጫፉ ከዳሌው አጥንት በላይ ወገብ ውስጥ ይገባል፣ የታችኛው ጫፉ ከሰውነት እየራቀ 45 ዲግሪ ያህል ይከፈታል። ዓላማው ካሴቱ ከአንገቱ ጋር ትይዩ እንዲሆን ነው።

አንገቱ የት እንዳለ በእጅ ማግኘት ይቻላል። ከዳሌ ፊት ጫፍ አጥንት እስከ ብልት አጥንት መጋጠሚያ የላይኛው ጠርዝ በሐሳብ መስመር ይሰመራል፤ ከመስመሩ እኩሌታ ወደ ጭን ቀጥ ብሎ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲወረድ አንገቱ ላይ ይደረሳል። ጨረሩ በሁለቱ ጭኖች መካከል ገብቶ በዚያ ነጥብ አልፎ ካሴቱን በቀጥታ፣ በማዕዘን ሳይሆን፣ መምታት አለበት።

ሦስት ነገሮች እዚህ ይበላሻሉ። አንደኛው ጥልቀት ነው፦ ቀጭን ሰው ስፖንጅ ወይም ለስላሳ ፍራሽ ውስጥ ሲሰምጥ የዳሌው የኋላ ክፍል ከካሴቱ ታችኛ ጠርዝ በታች ይሆንና ተቆርጦ ይቀራል። ጠንካራ መደገፊያ በሁለቱም መቀመጫ ሥር ገብቶ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ይበቃል። ሁለተኛው ግሪዱ ነው። የግሪዱ የእርሳስ መስመሮች አግድም መዋል አለባቸው፤ ቆመው ከዋሉ ጨረሩ ትንሽ ሲያዘነብል ግማሹን ፊልም ነጭ ያደርጉታል። ሦስተኛው መጠኑ ነው። ጨረሩ ከብሽሽት እስከ ዳሌ ውጫዊ ጎን የሚያቋርጠው ሥጋ ወፍራም ስለሆነ ከፊት ምስሉ ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ኤምኤኤስ (የጨረር መጠን መለኪያ) ሊያስፈልግ ይችላል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ቱዩቡ 100 ሴንቲ ሜትር ላይ መቆም ካቃተውና 120 ላይ ከተነሣ ደግሞ በዚያ ላይ 1.44 ጊዜ ይባዛል፤ ይህን ያልቆጠረ ባለሙያ የነጣ ፊልም ያወጣና ማሽኑን ይጠራጠራል።

የጤነኛውን እግር ልጃቸው ይያዝ ተብሎ ነበር። በርጩማው ስለበቃ አልተያዘም። መያዝ ግድ ሲሆን የእርሳስ ሽርጥ ለብሶ፣ ከጨረሩ መሥመር ውጭ ቆሞ ነው፤ ነፍሰ ጡር ፈጽሞ አትይዝም። የክፍሉ ሠራተኛም ዕለት በዕለት ያዥ መሆን የለበትም፤ እሱ ነገም እዚያው ነው።

ከእንስሳት ሐኪሞች የሚወሰደው

ይህ የማዞር ሕግ የሰው ብቻ አይደለም። ውሻ የዳሌ መገጣጠሚያው ሲመረመር በጀርባው ይተኛል፤ የኋላ እግሮቹ ወደ ኋላ ተዘርግተው እርስ በርስና ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ ይሆናሉ፤ ከዚያ የጉልበቱ ሎሚ የጭኑ አጥንት መሐል ላይ እስኪያርፍ ድረስ ወደ ውስጥ ይዞራሉ። የፊልሙ ልክነት የሚለካውም በዚያው በሁለቱ ቀዳዳዎች እኩልነት ነው። ዳሌው ትንሽ ከዞረ አንዱ መገጣጠሚያ ከእውነቱ ይልቅ ጥልቅ፣ ሌላው ጥልቀት የሌለው መስሎ ይታያል፤ ጤነኛ ውሻ ታማሚ ይባላል።

እንስሳን «አውራ ጣትዎን ያገናኙ» ማለት ስለማይቻል የእንስሳት ሐኪሞች ሥራውን በማደንዘዣ፣ በገንዳ ቅርጽ በተቦረቦረ ስፖንጅ፣ በፋሻና በአሸዋ ከረጢት ይሠሩታል። መደገፊያ ለእነሱ ቅንጦት አይደለም፤ ከእሱ ውጭ ፊልም የለም። በሰው ሕክምና ግን ታካሚው ስለሚሰማን በቃል ብቻ ለማስተካከል እንሞክራለን፤ ሕመም ያለበት አረጋዊ ደግሞ ቃል ሰምቶ እንኳ ሰውነቱ አይታዘዝለትም። ፈረስም ሌላ ትምህርት አለው። ፈረስ አይተኛም፣ አይገለበጥም፤ ስለዚህ ቱዩቡና ካሴቱ ናቸው በዙሪያው የሚዞሩት፤ ካሴቱም የሚያዘው ረጅም እጀታ ባለው መያዣ ነው፣ በእጅ አይደለም። የአግድም ጨረሩ የዳሌ ምስል የተመሠረተው በዚሁ አስተሳሰብ ነው።

ማዘዣው ላይ የተጻፈው

የታኅሣሥ 23ቱ ማዘዣ «የዳሌ ራጅ፣ ወድቀው» ይላል። የትኛው ጎን? አልተጻፈም። ሕመሙ የት ነው? አልተጻፈም። ራጅ ክፍሉ የደረሰው ይህን ብቻ ነው፤ ጀርባቸውን ይሁን መቀመጫቸውን ያመማቸው ማወቅ አይችልም ነበር፣ ልጃቸውንም አልጠየቀም። «ከ2 ቀን በፊት በግራ ጎን ወድቀው፤ የግራ ብሽሽት ሕመም፤ በምርኩዝ ይራመዳሉ፤ የጭን አንገት ስብራት ይጣራ፤ ፊትና አግድም ጎን» ቢል ኖሮ ባለሙያው የሚፈልገውን ያውቅ ነበር። ይህን ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

አቀማመጡ ሁሉ ልክ ሆኖም ስብራቱ የማይታይበት ጊዜ አለ። ብሽሽቱን እያመመው መርገጥ የተሳነው አረጋዊ በጥሩ ፊልም «ነፃ» ቢሆን እንኳ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ይገባዋል። ያ በቅርብ ከሌለ እግሩ ክብደት ሳይሸከም አርፎ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ራጁ ይደገማል። ለቤተሰብም የሚነገረው «አልተሰበረም» ሳይሆን «እስካሁን አልታየም፤ እንዳይታሽ፣ እንዳይሳብ» ነው። ይህ ቃል ወጌሻው ዘንድ ይደርሳል፤ የሚጠየቀውም እዚያ ነው።

ከዚህ ጉዳይ በኋላ በክፍሉ ውስጥ የተለወጠው ጥቂት ነው፣ ግን ይሠራል። ሁለት እኩል ስፖንጆችና አራት የአሸዋ ከረጢቶች ከጠረጴዛው ሥር ተቀመጡ። ግድግዳው ላይ ሦስት ጥያቄዎች ተለጠፉ፦ ቀዳዳዎቹ እኩል ናቸው? ትንሹ ትሮካንተር ተደብቋል? የጎን ምስል ተነሥቷል? ለአንዱ እንኳ መልሱ «አይ» ከሆነ ታካሚው ከጠረጴዛው አይወርድም፤ ወይም ያልተቻለበት ምክንያት ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል።

ሦስተኛው ፊልም

ታካሚዋ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈላቸው። ከጥምቀት በኋላ መገጣጠሚያው ከኋላ በኩል ተከፍቶ የጭን አጥንቱ ራስ በብረት ተተካ። የካቲት ውስጥ ለክትትል በዚያው በዞኑ ሆስፒታል ራጅ ታዘዘላቸው።

ለዚህ ፊልም አቀማመጡ ይለወጣል። ጨረሩ ከተለመደው ዝቅ ይላል፤ ጭኑ ውስጥ የገባው ብረት ጫፍና ከጫፉ በታች ጥቂት ሴንቲ ሜትር አጥንት መታየት አለበት፣ ብረቱ የሚላላውና አጥንቱ የሚሰነጠቀው እዚያ አካባቢ ሊሆን ይችላልና። በሁለቱ ጭኖች መካከል ትራስ ይገባል፤ እግር በእግር ላይ አይነባበርም፤ ዳሌው ከ90 ዲግሪ በላይ አይታጠፍም። ከኋላ የተከፈተ መገጣጠሚያ ወደ ውስጥ ሲዞር ከቦታው ሊወልቅ ስለሚችል፣ በመጀመሪያው ፊልም የጎደለው ያ ማዞር በዚህኛው ላይ አይደረግም። ማዘዣው «ግራ ዳሌ፣ ከኋላ የተከፈተ፣ ወደ ውስጥ አይዞርም» ይላል። እግሩ እንዳረፈ ተነሣ። ትንሹ ትሮካንተር በፊልሙ ላይ እንደ አውራ ጣት ወጥቶ ይታያል፤ ከሥሩም «በትእዛዝ አልዞረም» ተብሎ ተጽፏል።